ጥያቄና መልስ፦ ያ ቀን፣ ያ ቁጥር

ባለፈው እትም «የማትረሱት የስፖርት ቀን የቱ ነው? ባለታሪኩስ ስንት ቁጥር ለብሶ ነበር?» ብለን ጠይቀን ነበር። ከትዝታው ጋር ክርክሩም ጥያቄውም አብሮ መጣ። ደጋግመው የተነሡትን መርጠን መልሰናል። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«ማንቸስተር ሲቲ በ2012 ሻምፒዮን የሆነበትን የአግዌሮን ጎል ሁለታችንም በቀጥታ ስርጭት አይተናል። እኔ 16 ቁጥር ለብሶ ነበር እላለሁ፤ ጓደኛዬ 10 ነው ብሎ ሙጭጭ ብሏል። አስታርቁን።» — ሁለት የሲቲ ደጋፊዎች

16 ነው። ጓደኛዎ ግን ከመሬት ተነሥቶ አይደለም የተሳሳተው። ሜይ 13 ቀን 2012 ሲቲ ኩዊንስ ፓርክ ሬንጀርስን 3 ለ 2 ሲያሸንፍ ሁለቱ ጎሎች የገቡት በጭማሪው ሰዓት ነው። አቻ ያደረገችውን በጭንቅላቱ የገጨው ኤዲን ጄኮ ነበር፤ 10 ቁጥር ያኔ የእሱ ነው። ከዚያ ባሎቴሊ (45 ቁጥር) እየወደቀ የገፋለትን ኳስ አግዌሮ 93 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ ላይ መረብ ውስጥ ከተተው። ማሊያውን ወዲያው አውልቆ እያሽከረከረ ስለሮጠ ቁጥሩ ለዓይን አልቆየም። 10ን የወሰደው በ2015 ሲሆን ክለቡን እስከለቀቀበት እስከ 2021 ለብሶታል። ስድስት የውድድር ዘመን በ10 ያየነውን ሰው ትዝታ ወደ ኋላ ሄዶ 10 ቢያለብሰው አይገርምም።

ይህ ስሕተት በደረሱን ደብዳቤዎች ውስጥ ከሁሉ በላይ የተደጋገመው ነው። ዴቪድ ቤካም ከመሐል ሜዳ መስመር አካባቢ ዊምብልደን ላይ ያገባት ጎል (ኦገስት 17 ቀን 1996) በ7 ቁጥር ትታወሳለች፤ ያን ቀን የለበሰው 10 ነበር። 7 የኤሪክ ካንቶና ነበረች፤ ቤካም ያገኛት ካንቶና በ1997 ጫማውን ከሰቀለ በኋላ ነው። ክርስቲያኖ ሮናልዶ ሪያል ማድሪድ በገባበት ዓመት 7 በራውል ተይዞ ስለነበር በ9 ተጫውቷል። ሜሲ ለባርሴሎና የመጀመሪያዋን የሊግ ጎል አልባሴቴ ላይ ሜይ 1 ቀን 2005 ሲያስቆጥር 30 ለብሶ ነበር። ኤፕሪል 18 ቀን 2007 ሄታፌን ከመሐል ሜዳ ጀምሮ አንድ በአንድ ያለፈባት ጎል ደግሞ የ19 ቁጥር ናት። 10 የመጣው በ2008 ሮናልዲንሆ ሲሄድ ነው።

ክለብና ብሔራዊ ቡድንም ይለያያሉ። ኢኒዬስታ ለባርሴሎና 8 ነው፤ በ2010 የዓለም ዋንጫ ፍፃሜ በ116ኛው ደቂቃ ያስቆጠረው ግን የስፔንን 6 ለብሶ ነው። ስለዚህ ክርክር ሲነሣ መጀመሪያ ቀኑን ያጽኑ፣ ከዚያ ቡድኑን፤ ቁጥሩ በመጨረሻ ይምጣ።

«ከ0 እስከ 99 ለያንዳንዱ ቁጥር አንድ የማይረሳ ቅጽበት የያዘ መዝገብ ማዘጋጀት እፈልጋለሁ። 10 እና 7 ሞልተው ፈሰሱ፤ ከ30 በላይ ያለው ባዶ ነው። እንዴት ልቀጥል?» — መዝጋቢው

በደብተር ሳይሆን በካርድ ይስሩ። በደብተር ከጀመሩ ሦስተኛው ሳምንት ላይ 10 ቁጥር ገጽ ያልቅብዎታል፣ 58 ባዶውን ይቀራል። የ10 በ15 ሴንቲ ሜትር ካርድ ይበቃል። ከላይ በቀኝ ቁጥሩ በትልቁ ይጻፍ። ከሥሩ ቀኑ፣ ውድድሩ፣ የሁለቱ ቡድኖች ስምና የመጨረሻ ውጤት፣ ደቂቃው፣ የተጫዋቹ ስም ይግባ። ከታች ደግሞ ቁጥሩን ያረጋገጡበት ይስፈር፦ «የጨዋታው ዝርዝር»፣ «ፎቶ»፣ «ቪዲዮ»። ያላረጋገጡትን በእርሳስ ይጻፉት። በቀለም የተጻፈ ስሕተት ከዓመት በኋላ እውነት መስሎ ይነበባል።

ካርዱ የሰው ሳይሆን የቅጽበት ይሁን። «23 — ማይክል ጆርዳን» ብሎ መጻፍ ምንም አይነግርም። ይልቅስ 12 ቁጥር ላይ ጆርዳንን ያስገቡት! ፌብሩዋሪ 14 ቀን 1990 ኦርላንዶ ውስጥ 23 ቁጥር ማሊያው ከመልበሻ ክፍል ተሰርቆበት ስም የሌለበት 12 ቁጥር ለብሶ ገባ፤ 49 ነጥብ አስቆጥሮ ቡድኑ በተጨማሪ ሰዓት 135 ለ 129 ተሸነፈ። 45 ካርድ ደግሞ ማርች 1995 ወደ ቅርጫት ኳስ ሲመለስ የለበሰው ቁጥር ነው። ከአንድ ሰው ሦስት ካርድ ይወጣል፤ አንዳቸውም ግን ስለ ሰውዬው ባጠቃላይ አያወሩም።

ለላይኞቹ ቁጥሮች እግር ኳስ ብቻውን አይበቃዎትም፤ በር ይክፈቱ። 99 የዋይን ግሬትዝኪ ነው፤ የሰሜን አሜሪካ የበረዶ ሆኪ ሊግ ማንም ዳግም እንዳይለብሰው በ2000 ከሁሉም ክለቦች አንሥቶታል። 42 የጃኪ ሮቢንሰን ነው፦ ኤፕሪል 15 ቀን 1947 ለብሩክሊን ዶጀርስ ሜዳ ገባ፣ ልክ ከ50 ዓመት በኋላ ቁጥሩ ከቤዝቦል ሊጉ ሁሉ ተነሣ። 44 የፎርሙላ 1 ካርድ ሊሆን ይችላል፤ አሽከርካሪዎች ከ2014 ጀምሮ የራሳቸውን ቋሚ ቁጥር ስለሚመርጡ ሃሚልተንን ለማግኘት አይቸገሩም። ለ0 በስኮትላንዱ ክለብ አበርዲን የነበረው ሞሮኳዊው ሂሻም ዘሩዋሊ አለልዎት፤ ቅጽል ስሙ «ዜሮ» ስለነበር በ2000 ቁጥሩን ጀርባው ላይ ለብሶታል።

ለ6 ያለን ምርጫ ኳስ ካልነካ ሰው ነው። ጁን 24 ቀን 1995 ደቡብ አፍሪካ ኒውዚላንድን 15 ለ 12 አሸንፋ የራግቢ ዓለም ዋንጫን ስትወስድ ኔልሰን ማንዴላ የአምበሉን የፍራንሷ ፒናርን 6 ቁጥር ማሊያ ለብሰው ዋንጫውን አስረከቡት። በራግቢ ዩኒየን ከ1 እስከ 15 ያለው ቁጥር ዛሬም የቦታ ነው፤ 6 ማለት ፍላንከር፣ በግፊያው ጎን የሚሰለፈው ተጫዋች ነው። የእግር ኳስ ሰዎች ይህን ብዙ ጊዜ ይስቱታል።

ለ10 እና ለ7 ቢበዛ ሦስት ሦስት ካርድ ይፍቀዱ። አራተኛ ሲመጣ አንዱ ይውጣ። ባዶ የቀረውን ቁጥር ባዶውን ይተዉት፤ ለመሙላት ሲባል የገባ ካርድ ሌላውን ሁሉ ያረክሰዋል።

«በድሮ ፊልም ላይ 3፣ 6 እና 8 ይምታቱብኛል። ምን ላድርግ?» — ያው መዝጋቢ

ጀርባውን ትተው የቁምጣውን ቁጥር ይፈልጉ፤ ካለ ብዙውን ጊዜ ከፊት በኩል ነው። ምስሉን ሲያቆሙ ተጫዋቹ ለካሜራው ጀርባውን ቀጥ አድርጎ የሰጠበትን ቅጽበት ይምረጡ። ጎንበስ ሲል ማሊያው ስለሚታጠፍ የ3 ግራ ክፍተት ተዘግቶ 8 ይመስላል። አንድ ምስል አይበቃም፤ ሦስት ይውሰዱ። ከዚያ ከጨዋታው ዝርዝር ጋር ያመሳክሩ፤ ሁለቱ ካልተስማሙ ዝርዝሩን ሳይሆን ዓይንዎን ይጠራጠሩ።

«ክራይፍ ለምን 14? በ1974 የሆላንድ በረኛ 8 ቁጥር፣ በ1982 የአርጀንቲና አማካይ 1 ቁጥር ለብሰው አይቻለሁ። ይህ ምን ዓይነት ሥርዓት ነው?» — ግራ የተጋባ

የፊደል ተራ ነው። ሆላንድ በ1974 ተጫዋቾቿን በአባት ስም ፊደል ተራ ደረደረች። አጥቂው ሩድ ሄልስ 1፣ በረኛው ያን ዮንግብሉድ 8 ደረሳቸው። በተራው ቢሆን 1 የክራይፍ ነበር፤ እሱ ግን በአያክስ የለመደውን 14 እንዲይዝ ተፈቀደለት።

አርጀንቲና ይህን ሥርዓት ወዳዋለች። በ1978 ያለ ምንም ልዩነት ተሠራበትና ማሪዮ ኬምፔስ 10ን ያገኘው በፊደል ዕድል ነው። ያንኑ 10 ለብሶ ፍፃሜው ላይ ሆላንድ ላይ ሁለት አገባ። በ1982 አርዲሌስ 1 ሆነ፤ ለማራዶና ሲባል ብቻ ተራው ተጣሰ። በ1986 ማራዶና 10፣ ፓሳሬላ 6፣ ቫልዳኖ 11 የመረጡትን ያዙ፤ የቀሩት ፊደላቸው ያመጣውን ለበሱ። በረኛው ፑምፒዶ 18 ሆነ። ምዕራብ ጀርመን ላይ ሦስተኛዋንና ዋንጫ ያስገኘችውን ጎል ያስቆጠረው ቡሩቻጋ 7 የለበሰውም በዚሁ ነው፤ ክንፍ ተጫዋች ስለነበረ አይደለም። ዛሬ በዓለም ዋንጫ 1 ቁጥር ለበረኛ ብቻ የተለየ ነው።

ከ1954ቱ የዓለም ዋንጫ በፊት ተጫዋች እስከ ውድድሩ መጨረሻ የሚዘልቅ የራሱ ቁጥር አልነበረውም። በ1958 የብራዚል ድልድል ደግሞ ከቦታ ጋር ጭራሽ አይገናኝም፦ በረኛው ጊልማር 3፣ የግራ ክንፉ ዛጋሎ 7፣ የቀኝ ክንፉ ጋሪንቻ 11። የ17 ዓመቱ ፔሌ 10 የደረሰው በዚህ ድልድል ነው። የ10 ክብር የሚጀምረው እንግዲህ ከዚያ ነው።

ለመዝገብዎ የሚጠቅመው ይህ ነው። የእንግሊዝ ሊግ ከ1993–94 በፊት፣ የጣሊያንና የስፔን ሊጎች ደግሞ ከ1995–96 በፊት ለተጫዋች ቋሚ ቁጥር አይሰጡም ነበር፤ ከ1 እስከ 11 የሚለበሰው የዕለቱን አሰላለፍ ተከትሎ ነው። ከዚያ በፊት ያለ ካርድ ላይ «የዕለቱ ቁጥር» ብለው ይጻፉ። እንዲያውም በ1933 የእንግሊዝ ዋንጫ ፍፃሜ ኤቨርተን ከ1 እስከ 11፣ ማንቸስተር ሲቲ ከ12 እስከ 22 ነበር የለበሱት። የሲቲ በረኛ 22 ነበር፤ መዝጋቢው ጠያቂያችን ይህን ቢይዝልን ደስ ይለናል።

«አያቴ አበበ ቢቂላ ሮም ላይ ሲሮጥ 11 ቁጥር እንደነበረና በዓይኑ የሚፈልገው ሌላ ቁጥር እንደነበረ ይነግሩኛል። እውነት ነው? የሯጭ ቁጥርስ ከማሊያ ቁጥር ጋር ይቆጠራል?» — የአያቱ ልጅ

አያትህ ልክ ናቸው። ሴፕቴምበር 10 ቀን 1960 አበበ 11 ቁጥር ለጥፎ፣ በባዶ እግሩ ሮጠ። ከሩጫው በፊት እንዲጠነቀቀው የተነገረው ሞሮኳዊው ራዲ ቤን አብደሰላም ነበር፤ የሚለጥፈውም 26 ነው ተብሎ ነበር። ራዲ ግን የማራቶኑን ቁጥር ሳይወስድ ቀረና በ10,000 ሜትር የሮጠበትን 185 ለጥፎ መጣ። አበበ 26ን ከፊቱ እየፈለገ ከማያውቀው 185 ጋር ጎን ለጎን ረጅም መንገድ ሄደ። ሲመሽ ችቦ በበራበት በጥንቱ በአፒያ መንገድ ሮጠው መጨረሻው ሲቃረብ አበበ አፈተለከ። በኮንስታንቲን የድል ቅስት ሥር 2፡15፡16.2 ገባ፤ 185 ቁጥር ከ25 ሰከንድ በኋላ ተከተለው። ሲፈልገው የነበረው ሰው አጠገቡ ነበር።

ይቆጠራል፣ ግን ለብቻው ይመደብ። የሯጭ ቁጥር ለአንድ ውድድር የሚሰጥ ወረቀት ወይም ጨርቅ ነው፤ አበበ ከአራት ዓመት በኋላ ቶኪዮ ላይ ያሸነፈው በ17 ነው። አንድን ሯጭ በአንድ ቁጥር ማሰር አይቻልም። በካርድህ ላይ ከቁጥሩ አጠገብ «የደረት ቁጥር» ብለህ የከተማውን ስምና ዓመቱን ጻፍ።

«ቀይ የፖሊስተር ማሊያ ላይ ነጭ 14 አሳተምኩ። በሦስተኛው ቀን ቁጥሩ ሮዝ ሆነ፤ ጠርዙም መነሣት ጀምሯል። ጥፋቱ የማን ነው? እንደገናስ ራሴ ልሠራው እችላለሁ?» — ባለ ሮዙ ማሊያ

ሁለት የተለያዩ ጥፋቶች ናቸው። ሮዝ ያደረገው የማሊያው ቀለም ነው። ፖሊስተር የሚቀለምበት ማቅለሚያ ብዙ ሲሞቅ ወደ ትነት ይለወጥና ቁጥሩ የተሠራበት ነጭ ፊልም ውስጥ ሠርጎ ይገባል። ሥራው በማተሚያው ላይ አያልቅም፤ ለሰዓታትና ለቀናት ይቀጥላል፤ ለዚህ ነው በመጀመሪያው ቀን ያላዩት። በማጠብ አይለቅም። ቀይ፣ ቦርዶና ጥቁር ሰማያዊ ማሊያዎች ላይ ይበረታል።

መፍትሔው የፊልሙ ዓይነትና ሙቀቱ ነው። ተራው ፊልም፣ ማለትም የፖሊዩሬቴን ቫይኒል፣ 150 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ከ10 እስከ 15 ሰከንድ ይፈልጋል፤ ለቀይ ፖሊስተር ይህ ይበዛል። ቀለም የሚያግድ ሽፋን ያለውን፣ ከ120 እስከ 130 ዲግሪ የሚጣበቀውን ይጠይቁ። ከጀርባው ግራጫ ወይም ጥቁር ሆኖ ከታየ አጋጅ ሽፋኑ እሱ ነው። የሻጩ ወረቀት ላይ ያለው ሙቀትና ሰከንድ ከማንም ምክር ይበልጣል፤ ከእኛም ጭምር። ትኩስ ማሊያዎችን አይደራርቡ፤ ሙቀቱ ታምቆ ማቅለሚያውን መግፋቱን ይቀጥላል።

ጠርዙ የተነሣው ግን ከእርጥበት፣ ከስፌት ወይም ከግፊት ማነስ ነው። አሠራሩ እንዲህ ነው። ማሊያውን ከላይ እስከ ታች ለሁለት አጥፈው የጀርባውን መሐል በጠመኔ ያመልክቱ። የአዋቂ ቁጥር 25 ሴንቲ ሜትር ያህል ቁመት አለው፤ የስሙ ፊደል ከ5 እስከ 7.5 ሲሆን ከቁጥሩ 3 ወይም 4 ሴንቲ ሜትር ከፍ ይላል። 14ን ሲያስቀምጡ በ1 እና በ4 መካከል ያለውን ክፍተት መሐሉ ላይ አያድርጉ። 1 ቀጭን ስለሆነ ቁጥሩ በሙሉ ወደ 4 በኩል ያጋድላል። ጠቅላላ ስፋቱን ለክተው ግማሹን ከጠመኔው ጋር ያገናኙ።

ቫይኒሉ ተገልብጦ፣ በመስታወት እንደሚታይ ሆኖ ይቆረጣል። ይህን የረሳ ሰው 4ቱ ዞሮ ከ1 ፊት የቆመበት ማሊያ ይዞ ይቀራል፤ 0 እና 8 ብቻ ናቸው ምሕረት የሚያደርጉት።

ከዚያ ማሊያው ውስጥ ወፍራም ጨርቅ ወይም ስፖንጅ ያስገቡ፤ ስፌቱና ኮሌታው ከማተሚያው ጠርዝ ውጭ ይውደቁ። ስፌት ከሥር ካለ ጠፍጣፋው ብረት እሱ ላይ ይቆምና አካባቢው ያለው ቫይኒል ግፊት አያገኝም። ጨርቁን ብቻውን ከ3 እስከ 5 ሰከንድ ይጫኑት፤ እርጥበቱ ይወጣል። ቁጥሩን አስቀምጠው፣ በቴፍሎን ወይም በመጋገሪያ ወረቀት ሸፍነው ይጫኑ። ቁጥሩን የያዘው ስስ ፕላስቲክ በትኩሱ ወይም ሲቀዘቅዝ መላጥ እንዳለበት የሻጩ ወረቀት ይናገራል። በትኩሱ መላጥ የሌለበትን ቢልጡት ቁጥሩ አብሮ ይነሣል።

ሂት ፕሬስ (በሙቀትና በግፊት የሚለጥፈው ማተሚያ) ከሌለ ካውያ ይሠራል፣ ውጤቱ ግን ያነሰ ነው። ውሃውን አፍስሰው እንፋሎቱን ይዝጉ። እንደ ልብስ መተኮስ ወዲህ ወዲያ አይጎትቱ፤ ቀጥ ብለው ወደ ታች ይጫኑ፣ ያንሡ፣ ቀጣዩን ቦታ ከቀደመው ትንሽ ደርበው ይጫኑ። የካውያ ጫፍና መሐል እኩል ስለማይሞቁ መጀመሪያ የሚነሣው የቁጥሩ ማዕዘን ነው፤ እዚያ ደጋግመው ይመለሱ። ማሊያው ላይ የሚያብረቀርቅ አራት ማዕዘን ምልክት ከቀረ ሙቀቱ ወይም ግፊቱ በዝቷል፤ አይመለስም። ስለዚህ መጀመሪያ ታችኛው ጠርዝ ውስጠኛ ክፍል ላይ ቁራጭ ቫይኒል ለጥፈው ሁለት ቀን ይጠብቁ።

ለ24 ሰዓት አይታጠብ። ከዚያ ተገልብጦ በ30 ዲግሪ ውሃ፤ በረኪና፣ የልብስ ማለስለሻና የማሽን ማድረቂያ አይንኩት።

«የ1990ዎቹ ማሊያዬ ቁጥር እየተሰነጠቀ ነው። በሱፐር ግሉ ላጣብቀው?» — ሰብሳቢ

በጭራሽ። ሱፐር ግሉ ሲደርቅ እንደ መስታወት ይጠነክራል፤ ጨርቁ ሲተጣጠፍ ከጎኑ አዲስ ስንጥቅ ይከፍታል። የተሰነጠቀው አይድንም። የድሮ ፕላስቲክ ቁጥር የሚያለሰልሰው ንጥረ ነገር በሙቀትና በብርሃን እየወጣ ሲሄድ ይደርቃል፤ ማቆም የሚቻለው ቀሪውን ነው። ከፀሐይ ያርቁት፣ ቁጥሩ ላይ አያጥፉት፤ አሲድ አልባ ስስ ወረቀት በላዩ አድርገው ጠፍጣፋ ያስተኙት ወይም በወፍራም ቱቦ ላይ ቁጥሩን ወደ ውጭ አድርገው ይጠቅልሉት። ሁለት ቁጥሮች ፊት ለፊት ከተነካኩ ተጣብቀው ሲላቀቁ አንዱ የሌላውን ይዞ ይሄዳል። ጠርዙ ብቻ ከተነሣ በመጋገሪያ ወረቀት ሸፍነው በለዘብተኛ ካውያ ከ5 እስከ 10 ሰከንድ ይጫኑና እስኪቀዘቅዝ ከባድ መጽሐፍ ያስቀምጡበት። ቁጥሩ እንደ ቬልቬት ጸጉር ካለው ካውያ አያስጠጉት፤ ጸጉሩ ተኝቶ ይቀራል።

ማሊያው በጨዋታ የተለበሰ ከሆነ ግን ጠማማ ቁጥሩን እንኳ አያቅኑ። ጁን 22 ቀን 1986 አርጀንቲና ከእንግሊዝ ስትጫወት የለበሰችው ሰማያዊ ማሊያ በጥድፊያ የተገዛና የሚያብለጨልጭ ብርማ ቁጥር በካውያ የተለጠፈበት ነበር። ያ የማይመስል ቁጥር ዛሬ መለያው ነው። ማራዶና ለእንግሊዙ ተጫዋች ለስቲቭ ሆጅ የሰጠው ማሊያ በ2022 ከ7 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ተሸጧል።

በአጭሩ

*«ዛሞራኖ ኢንተር ውስጥ 1+8 የለበሰው ለምን ነው?»* በ1998 ሮቤርቶ ባጆ መጥቶ 10ን ሲይዝ ሮናልዶ ወደ 9 ሄደ። 9 የተወሰደበት ዛሞራኖ 18ን ወስዶ መሐሉ ላይ የመደመር ምልክት አስገባ። ለመዝገብ 18 ነው።

*«ቁጥር ማንሣት ሁሉም ሊግ ይችላል?»* አይችልም። ናፖሊ የማራዶናን 10 በ2000 አንሥቷል። የስፔን ላ ሊጋ ግን የዋናውን ቡድን ተጫዋቾች ከ1 እስከ 25 ስለሚወስን ክለቦቹ የሚያነሡት ትርፍ ቁጥር የላቸውም። አርጀንቲና በ2002 የዓለም ዋንጫ 10ን ልታስቀር ሞክራ ፊፋ ስለከለከላት ኦርቴጋ ለብሶታል።

*«በድሮ የብሔራዊ ቡድኖች ቅርጫት ኳስ 1፣ 2፣ 3 ቁጥር ለምን የለም?»* ዳኛው በጣቶቹ ነጥብ ሲያሳይ ከተጫዋች ቁጥር ጋር እንዳይምታታ ነው። በዓለም አቀፉ ሕግ ቡድኑ ከ4 እስከ 15 ይለብስ ነበር፤ ገደቡ የላላው በ2014 ነው።